ይሉኝታ የያዘው ሰርቨር

ፌስቡክ አልከፍት ሲል ሰው የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፣ ዳታውን ዘግቶ ይከፍታል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው «አንተም ጋ እንዲህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። የሚደወልለት ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ችግር እንደተፈጠረ ይናገራል እንጂ ማን እንደፈጠረው፣ ማን እየጠገነው እንደሆነ፣ «ቆይተው ይሞክሩ» ሲል ቆይታው የአምስት ደቂቃ ይሁን የአንድ ቀን አይናገርም። ይህን ለምደነዋል። ዝናብ ሲዘንብ ማንም «ኃላፊውን ጥሩልኝ» እንደማይል ሁሉ፣ በየቀኑ የምንውልበትን አደባባይ የሚያስተዳድሩትንም ኩባንያዎች ከተፈጥሮ ኃይል ቆጥረናቸዋል።

ኃላፊው ሊጠራ የሚችልባቸው ማኅበራዊ ሚዲያዎች ግን አሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ። አንዳንዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያስተናግዳል፣ አንዳንዱ አንድ ቤተሰብ፣ አንዳንዱ አንድ ሰው ብቻ። እያንዳንዱ የራሱ ሰርቨር፣ የራሱ ደንብ፣ የራሱ አድሚን (አስተዳዳሪ) አለው፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ግን አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ፕሮቶኮል ነው። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ ይህን ፕሮቶኮል በጥር 2018 እ.ኤ.አ. አጽድቆታል። ከሶፍትዌሮቹ ስሙ የገነነው ማስቶዶን ነው፤ ጀርመን አገር የሚኖረው ዩጀን ሮችኮ በ2016 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አቀረበው። የጂሜይል ደንበኛ ለያሁ ደንበኛ እንደሚጽፈው ሁሉ፣ አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ብራዚል ባለ ሰርቨር ላይ ያለውን ይከተላል። ሰው ሲጽፍ ሰርቨሩ ጽሑፉን በቁልፍ ፈርሞ ተከታዮቹ ወዳሉባቸው ሰርቨሮች አንድ በአንድ ያደርሳል። መሀል ተቀምጦ ማን የማንን ቀድሞ ይይ ብሎ የሚወስን የለም።

ሰዎች ወደዚህ ዓለም የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ተቀይመው ነው። ኢሎን መስክ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ በየወሩ ማስቶዶንን የሚጠቀመው ሰው ቁጥር ከ300 ሺህ ገደማ ተነስቶ በሚቀጥለው ወር 2.5 ሚሊዮን ደረሰ። ከእነዚያ ብዙዎቹ ተመልሰዋል፤ ቅያሜ ከቤት ያስወጣል እንጂ አዲስ ቤት አያስለምድም። የእኔ ቅያሜ ከዚያ የቆየ ነበር፣ በመጠኑም አስቂኝ። ትዊተር በ2017 እ.ኤ.አ. የጽሑፍ ጣሪያውን ከ140 ወደ 280 ሲያሳድግ ሁሉንም ፊደል እኩል አልቆጠረም። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ መጀመሪያ አካባቢ ያሉት፣ ላቲኑ፣ ግሪኩ፣ ዕብራይስጡ፣ ዓረብኛው፣ እስከ ጆርጂያ ፊደል ድረስ ያለው ሁሉ፣ አንዱ እንደ አንድ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አንዱ እንደ ሁለት። ግዕዝ ደግሞ ከጆርጂያው ፊደል ጥቂት አለፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ አንዲት «ሀ» ሁለት ተብላ ተቆጠረች፤ እንግሊዝኛ ጸሐፊው 280 ሲያገኝ አማርኛ ጸሐፊው እዚያው 140 ላይ ቀረ። የታሰበው ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ በጥቂት ፊደል ብዙ ስለሚናገሩ ነበር፤ መስመሩ ሲሰመር ግዕዝ ከማዶ ሆኖ ተገኘ። ክፋት የለበትም። ማንም አላሰበበትም፤ የከነከነኝም እሱ ነው። ለመሆኑ ይህን የመሰለ ነገር ለማን አቤት ይባላል?

ከዚህ እጅግ የከበደም እንዳለ አልዘነጋሁም። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ የፌስቡክ አሠራር ኢትዮጵያ ውስጥ የብሔር ግጭት እያራገበ እንደሆነ፣ ኩባንያውም ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉ ቋንቋዎች ጥበቃ የሚያወጣው እጅግ ያነሰ እንደሆነ ስትመሰክር አገር ሰምቷል። ትንሽ ሰርቨር ለዚህ መድኃኒት ነው አልልም። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ እንደሆነው ኢንተርኔቱ ከነአካቴው ሲቋረጥ እኔ ቤቴ ያቆምኩት ሰርቨርም ከሳጥን አይሻልም። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ነገር ነው፦ በአንድ ማሽንና በተጠቃሚዎቹ መካከል የሚጠየቅ ሰው ሲቆም ምን እንደሚለወጥ።

ማሽኗ የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ የተቀመጠች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ራስበሪ ፓይ የምትባል ኮምፒውተር ናት። ማስቶዶን የሚጠይቀውን ጭነት ስለማትወደው ጎቱሶሻል የሚባለውን ቀለል ያለ ሶፍትዌር ጫንኩባት። ተጠቃሚዎቹ ዘመድና የትምህርት ቤት ጓደኛ ናቸው፤ አዲስ አበባ፣ የአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጅዳ። የሚለጥፉትም የሚጠበቀውን ነው፦ የክርስትና ፎቶ፣ የዶላር ምንዛሪ፣ የኳስ ክርክር፣ አንዳንዴ ግጥም።

አንድ ብልሽት ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ብዙ አስተምሮኛልና።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቤቱ ሁሉ ይነሳል፤ ማቀዝቀዣው፣ ራውተሩ፣ ዋይፋዩ። ሰርቨሩ ግን አንዳንዴ ለ10 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ለ50 ደቂቃ ከውጭ አይታይም ነበር። ማሽኗ በርታለች፣ መብራቷ ይርገበገባል፣ ከቤት ውስጥ ስገባባት ደኅና ናት። ምን ሆና ነው ብዬ የሥራ መዝገቧን፣ ሎጉን፣ ማገላበጥ ስጀምር ደግሞ በራሷ ትድናለች። በራሱ የሚድን በሽታ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሐኪሙ ሲደርስ ምልክት አይተውለትም።

ነገሩ የሰዓት ነበር። ላፕቶፕ ውስጥ ማሽኑ ቢጠፋም ሰዓት ይዛ የምታድር ትንሽ ባትሪ አለች። እንደኔዋ ያሉት የቀደሙት ራስበሪ ፓይዎች ይህ የላቸውም። ማሽኗ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ፣ 17ኛው ደቂቃ ላይ፣ ሰዓቱን ፋይል ውስጥ ትጽፋለች፤ መብራት ድንገት ጠፍቶ ስትነሳ የምታምነው ያን ፋይል ነው። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ያሉ የሰዓት ሰርቨሮችን ጠይቃ ታስተካክላለች። በደኅና ቀን ይህ የሰከንዶች ጉዳይ ነው።

የቤት ኢንተርኔት ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ የሕዝብ አድራሻ የለውም፤ አንዱን አድራሻ ብዙ ቤት ይጋራዋል፣ ከውጭ የሚመጣ ጥሪም ቤቱን ለይቶ አያገኘውም። ስለዚህ ፊንላንድ ውስጥ ርካሽ ሰርቨር ተከራይቼ ዋየርጋርድ በሚባለው ቪፒኤን ከቤቴ ጋር አገናኘሁት። ዓለም የሚያንኳኳው ፊንላንድ ነው፣ የሚከፍተው አዲስ አበባ። ዋየርጋርድ ደግሞ ተጠራጣሪ ነው። አንድ ሰው የድሮ መልእክት ቀድቶ መልሶ እንዳይልክበት፣ ግንኙነት ሲጀመር የሚላከው እያንዳንዱ መልእክት ላይ ያለውን ሰዓት ይመዘግባል፤ ቀደም ሲል ካየው ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ይዞ የመጣውን አይቀበልም። አለመቀበሉንም አይናገርም። ዝም ነው።

መብራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጠፋ እንበል። ሰርቨር በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚቆጥር የግድግዳዬ ሰዓት 2 ሲል የእሱ ሎግ 17:00 ይላል። መብራቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ ማሽኗ ግን ፋይሏን አንብባ «16:17 ነው» ብላ ትነሳለች። ፊንላንድ ያለው ሰርቨር ከእሷ የመጨረሻውን መልእክት የተቀበለው 16:59 ላይ ነው። ትክክለኛውን ሰዓት ጠይቃ እንዳትረዳ ጥያቄዋ የሚያልፈው በዚያው በቪፒኤኑ ውስጥ ነው። ሰዓቱን ለማወቅ ቪፒኤኑ መከፈት አለበት፤ ቪፒኤኑ እንዲከፈት ሰዓቱ መታወቅ አለበት። የራሷ የተሳሳተ ሰዓት ቆጥሮ ቆጥሮ 16:59ን እስኪያልፍ፣ 42 ደቂቃ ያህል፣ ስታንኳኳ ትቆያለች። ከዚያ ይከፈትላታል። ትዕግሥት አጥቶ ገመዱን ነቅሎ የሰካማ እንደገና ወደ 16:17 ይመልሳታል። «አጥፍተህ አብራው» የሚለው የሁላችን መድኃኒት እዚህ ላይ በሽታውን የሚያራዝም ነው።

መፍትሔው ሁለት ነበር፤ የሰዓት ጥያቄው ከቪፒኤኑ ውጭ እንዲሄድ ማድረግ፣ ወይም ጣት የምታህል የሰዓት ሰሌዳ ከነክብ ባትሪዋ ገዝቶ ማሽኗ ላይ መሰካት። ሁለቱንም አደረግሁ።

ያጽናናኝ ከሁሉ የገዘፈውም በዚሁ ወጥመድ መያዙ ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ስድስት ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ከዓለም ጠፍተው ነበር። ለጥገና የተላከ አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን የውስጥ መስመር በሙሉ በጠሰው፤ ስማቸውን ለዓለም የሚናገሩት ሰርቨሮችም ራሳቸውን ከኢንተርኔት አወጡ። ብልሽቱን ለመጠገን የተዘጋጁት መሣሪያዎች የሚሠሩት በተበላሸው ኔትወርክ ላይ ነበር። መሐንዲሶች በአካል ወደ ዳታ ሴንተሮቹ ተላኩ፤ እዚያም በጥብቅ የሚጠበቀው በር ቶሎ አልከፈት አላቸው። ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ሳይሆን በስድስቱ ሰዓት ውስጥ ስልክ የሚደወልለት ሰው አለመኖሩ ላይ ነው።

ወደ እኔ ስልክ የሚደወለው ከጅዳ ነው። ከተጠቃሚዎቼ አንዷ፣ እትዬ።

«ልጄ፣ ያንተ ነገር እምቢ አለኝ።»

«ምን ይላል እትዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እንግሊዝኛ ይላል።»

«ቁጥር የለውም?»

«አለው፤ አምስት መቶ አራት።»

አምስት መቶ አራት ማለት ፊንላንድ ያለው በር እየሠራ ቤቱ መልስ ነፈገው ማለት ነው። «መብራት ጠፍቶ ነው፤ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» አልኳቸው። ያው የፌስቡክ መልስ ነው፤ ቃል በቃል። እትዬ ግን ስልኩን አልዘጉም። «እሺ፣ በስንት ሰዓት ልሞክር?» አሉኝ።

ትልልቆቹ መድረኮች ላይ የማይቻለው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። መጀመሪያውን ማንም ይጠይቃል፣ ማሽንም ይመልስለታል። ሁለተኛው ግን ፊት ለፊት የቆመ ሰው ይፈልጋል፤ ቀጠሮ የሚሰጥ፣ ቀጠሮውን ሲያፈርስ የሚታወቅበት። «ከ5 ሰዓት በኋላ» አልኩ። እንግዲህ ያን ማታ ከሎጉ ጋር ያመሸሁት ለቴክኖሎጂው ፍቅር አይደለም። ይሉኝታ ይዞኝ ነው።

ይሉኝታን ብዙ ጊዜ እናማዋለን። ያላመኑበትን እሺ የሚያሰኝ፣ ያልጠገቡትን ጠገብኩ የሚያሰኝ፣ ለሠርግ የሚያስበድር። ዘመናዊ ሰው አራግፎ መጣል ያለበት ሸክም ተደርጎ ይወራል። እኔ ግን በዚህች ትንሽ ሥራ ውስጥ ሌላ ጎኑን አየሁ። ይሉኝታ የሚሠራው ርቀት ሲያጥር ነው። የሚጠብቀኝ ሰው ማን እንደሆነ ሳውቅ፣ በየትኛው ለቅሶ ላይ እንደምንገናኝ ሳውቅ፣ ምን እንደሚለኝ ከነድምፁ በጆሮዬ ሲመጣ ያን ጊዜ ይይዘኛል። ኩባንያ ይሉኝታ የለውም ስል ስድብ አይደለም፤ በቢሊዮን ሰው ፊት ማፈር የሚችል ፍጡር የለም። እዚያ ውስጥ የሚሠራው መሐንዲስ ምናልባት ከእኔ የበለጠ ጨዋ ሰው ነው። እትዬን ግን አያውቃቸውም፤ እሳቸው ለሱ አንድ ግራፍ ላይ ያለች ነጥብ ናቸው።

ይሉኝታ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ማንም በማያይበት ቦታ ነው። ሰዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፦ በማስቶዶንም በጎቱሶሻልም ላይ የግል መልእክት የሚባለው ከአድሚኑ የተመሰጠረ አይደለም። እኔ ጋ ያለው ሁሉ በአንድ የዳታቤዝ ፋይል ውስጥ ነው። ከሌሎች ሰርቨሮች የሚመጣ ፎቶ ለ7 ቀን ያህል እኛም ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ዲስኩ ሲጣበብ ቦታውን ማን እንደወሰደው ለማወቅ ይህንኑ ዳታቤዝ መክፈት ይመጣል። አንዱን ሠንጠረዥ ከከፈቱ ስም ይታያል፣ ቀን ይታያል፣ ከፈለጉ ደግሞ ጽሑፉ። የአክስቴ ልጅ ለባለቤቱ የጻፈው። አብሮ አደጌ ስለ እኔ የጻፈው ሊኖርም ይችላል። የሚከለክለኝ ፓስዎርድ የለም፣ የሚከሰኝ መዝገብ የለም፣ ባነብ ማንም አያውቅም። አላነብም። ይህን የምለው ልመሰገን አይደለም፤ ምን እንደሚከለክለኝ ማወቅ ስለፈለግሁ ነው።

አውሮፓውያን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩበት የመረጃ ጥበቃ ሕግ አላቸው፤ እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሕግ ማለት በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ይሉኝታን ተክቶ የሚሠራ ነገር ነው ቢባል ብዙ ስህተት አይመስለኝም። ኩባንያው የእትዬን መልእክት እንዳያይ የሚያደርገው ቅጣቱ፣ የውስጥ ደንቡ፣ ማን ምን እንደከፈተ የሚቆጥረው መዝገብ ነው። እኔና ፋይሉ መካከል ያለው ግን የእትዬ ፊት ነው። ማታ አንብቤው ጠዋት ደውለው «እንዴት አደርክ ልጄ» ሲሉኝ ድምፄ እንዴት ይወጣል? የትኛው ይሻላል ቢሉኝ አንዱን ለመምረጥ እቸገራለሁ። ሕጉ የሚሠራው ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ይሉኝታ የሚሠራው ከመደረጉ በፊት ነው፤ ግን አንድ ቀን ከመልእክቱ ባለቤት ጋር ብቀያየምስ? ቂም ሲገባ ይሉኝታ ይወጣል፤ ፋይሉ ግን እዚያው ክፍት ነው።

ሌላም ድካም አለበት። አንድ በዕድሜ የገፉ ዘመዳችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ አንድን ብሔር የሚያንቋሽሽ ነገር ከሌላ ቦታ አምጥተው ለጠፉ። ፌስቡክ ላይ ቢሆን ሪፖርት የሚለውን ተጭኖ መተው ነው፤ ናይሮቢም ሆነ ሌላ ቦታ የተቀመጠ፣ ማንነታቸውን የማያውቅ ሠራተኛ ይወስን ነበር። እዚህ አዝራሩ እኔ ጋ ነው። አዝራሩን መጫን ማለት አባቴን ያሳደጉትን ሰው አፍ መዝጋት ነው፤ አለመጫን ማለት ደግሞ እዚያው ሰርቨር ላይ ያለውን፣ እናቱ ከዚያ ብሔር የሆነችውን ጓደኛዬን ማዋረድ። ኩባንያዎቹን በይሉኝታ ቢስነት ስንወቅስ እንዲህ ዓይነቱን ሰዓት እንረሳለን። የማያውቃቸው ሰው ባንድ ጣት የሚጨርሰውን፣ የሚያውቃቸው ሰው ሽማግሌ ካልላከ አይጨርሰውም።

መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በእነዚህ ሰርቨሮች ዓለም ቅጣቱ ለሰርቨሩ በሙሉ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ጋብ የሚባለው የአሜሪካ ቀኝ አክራሪዎች መድረክ ወደ ማስቶዶን ሶፍትዌር ሲዛወር፣ ሶፍትዌሩ ነጻ ስለሆነ የከለከለው አልነበረም፤ አብዛኞቹ ሰርቨሮች ግን ከነስሙ ዘግተውት ብቻውን ቀረ። ለእኛም አውሮፓ ካለ አንድ አድሚን ጨዋነት የተሞላበት መልእክት ደረሰን፦ ጽሑፉ ካልወረደ ከሰርቨራችሁ ጋር ያለውን ግንኙነት እናቋርጣለን። ስልክ ሲደወል ለጋሼ የተነገራቸው «ሌሎቹ ሊዘጉን ነው» የሚለው ነው። አወረዱት። «ክፉ ነገር ነው» ተብሎ ሳይሆን «ሰው ምን ይለናል» ተብሎ ወረደ። ይሉኝታ በይሉኝታ ተፈታ። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረኝም፤ እኔም ይቅርታ የሚባለው በማን ስም እንደሆነ ግራ ገብቶኛል።

«የራሴ ሰርቨር» የሚለው አነጋገር ነጻነት ነጻነት ይሸታል። ብልሽቶቹ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ግን የሚታየው ጥገኝነት ነው፤ ከመብራት፣ ከፊንላንድ፣ የምስጠራ ሰርተፍኬቱን ለ90 ቀን የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው በጎ አድራጊ ድርጅት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከስም። የዶሜን ስም አይገዛም፤ በዓመት ኪራይ ነው። በዚህ ዓለም ደግሞ የሰው ማንነት ከዶሜኑ ጋር የተሰፋ ነው፤ ስሙ ከሄደ ተከታዮቹም ታሪኩም አብረው ይሄዳሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ለዓመታት በነጻ ሲታደል የኖረው የማሊ ዶሜን ኤምኤል አስተዳደሩ ወደ ማሊ መንግሥት ሲመለስ፣ በዚያ ስም የቆሙ ትንንሽ ሰርቨሮች ነበሩ፤ ማሽናቸው ሳይነካ፣ መብራታቸው ሳይጠፋ አድራሻ አልባ የሆኑ። ሰርቨር አስተዳዳሪ መሆን ጥገኝነቱን አይቀንሰውም። የማን ጥገኛ እንደሆንኩ ግን ዝርዝሩን በእጄ ሰጥቶኛል፤ ፌስቡክ ላይ ሳለሁ ይህ ዝርዝር አልነበረኝም።

እዚያ ዝርዝር ላይ ያለው ከሁሉ ደካማው ቀለበት እኔ ነኝ። አንድ ሰርቨር ከተዘጋ ሌሎቹ መልእክት ለማድረስ ይሞክራሉ፣ ደግመው ይሞክራሉ፤ ማስቶዶን ለ7 ቀን ያህል ካልተሳካለት እንደሌለ ቆጥሮት ይተዋል። ሰባት ቀን የታመመ አድሚን ማለት ነው። ሮችኮ ራሱ በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. የማስቶዶንን መሪነት ለሌሎች አስረክቧል፤ እንደሱ የሚያስረክቡት ድርጅት የሌላቸው ትንንሾቹ ደግሞ ሲሰለቻቸው አጭር ማስታወቂያ ለጥፈው ይዘጋሉ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ትሬድስ የሚባለውን መድረኩን ወደዚህ ኔትወርክ ስለማስገባቱ፣ ስለ መዋጥ ስጋት ብዙ ተብሏል፤ እኔን ግን ከመዋጡ ይልቅ መሰልቸቱ ያሳስበኛል።

ሰሞኑን እትዬ ደግሞ ደወሉ። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ አካውንት እንድከፍትላት። «እኔ አውቃታለሁ፣ ዋሷ ነኝ» አሉ። ዋስ የሚለው ነገር እዚህ አገር ሥራ ያስቀጥራል፣ ቤት ያከራያል፣ ከእስር ያስፈታል፤ ይሉኝታን ግን ያስተላልፋል ወይ? የማላውቃት ሴት መልእክት ዓይኔ ሥር ቢመጣ በማን ፊት ነው የማፍረው? በእትዬ ፊት ይሆናል። እሷን ግን አላውቃት። ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ ለሚተዋወቁ ሰዎች ነው የሚሠራው፤ የሚያውቃት ሰው የሌላት ሴት ከፌስቡክ ሕግ ውጭ ምን አላት?

አካውንቱን ከፈትኩ፤ ከዚያ በፊት ግን ደወልኩላት። «እህቴ፣ የግል ብለሽ የምትጽፊውን ብፈልግ ማየት እችላለሁ፤ ቁልፍ የለውም፤ ይህን አውቀሽ ግቢ» አልኳት።

«ስልኬን ማዳም በየማታው ታየዋለች» አለችኝ። «እርስዎ ቢያንስ ነግረውኛል።» ወዲያው ደግሞ ፎቶ እስከ ስንት ሜጋባይት እንደሚቀበል ጠየቀችኝ።